ሰባ ስምንት ነፍስና ጥርኝ ውኃ

በሥዕል የሚተረክ ወንጀል ዓይናችንን ለምን ይይዛል? የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው።

የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ናት። በመንዝ የማለዳው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ከመሐል ሜዳ እስከ ሞላሌ፣ ከራቤል እስከ ሰላ ድንጋይ፣ ሰዉ በነጠላው ላይ በርኖሱን ወይም ባናውን ደርቦ ወደ ደብሩ ይተማል። ታቦቱ ዞሮ ከገባና ሕዝቡ መበተን ከጀመረ በኋላ፣ ሥዕል ባለባቸው አብያተ ክርስቲያናት የማይቀር አንድ ነገር አለ። ልጆች የእናታቸውን ቀሚስ ይዘው ወደ መቅደሱ የውጭ ግድግዳ ይጠጋሉ፤ ዓይናቸውም ከመላእክቱና ከሰማዕታቱ አልፎ አንድ አስፈሪ ሰው ላይ ያርፋል።

«እማዬ፣ ያ ሰውዬ ምን እየበላ ነው?»

«ሰው ነዋ ልጄ። በላዔ ሰብእ እኮ ነው።»

«ከዚያስ?»

እናት ጣቷን ወደ ቀጣዩ ሥዕል ታሻግራለች።

በላዔ ሰብእ የተባለው የቅምር ሰው ስምዖን በትውፊታችን እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ የነበረ ባለጸጋ ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ድንኳኑ ተዘርግቶ፣ ማዕዱ ቀርቦ፣ እንግዶች ተቀምጠው ይታያሉ። ቀጥሎ ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ ይመጣና የልጁን ሥጋ ይጠይቀዋል። ከዚያ አባት ቢላዋ ይዞ ልጁ ላይ ጎንበስ ይላል። የሰው ሥጋ የቀመሰ አባት ከዚያ ወዲያ ሌላ ምግብ አይጥመውም፤ ሚስቱን፣ ቤተሰቡን፣ ወዳጆቹን፣ በመንገድ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ቁጥሩ ሰባ ስምንት ይደርሳል። በኋላም በየበረሃው ሲንከራተት በውኃ ጥም የተያዘ ቁስለኛ ያገኛል። ቁስለኛው በእግዚአብሔር ስም፣ በጻድቃን ስም፣ በሰማዕታት ስም ይለምነዋል፤ አይሰማውም። በማርያም ስም ሲለምነው ግን ልቡ ይነካና ጥርኝ ውኃ ያጠጣዋል። በመጨረሻው ሥዕል ሚዛን ተሰቅሏል። በአንዱ ወገን ሰባ ስምንቱ ነፍሳት፣ በሌላው ጥርኝ ውኃ፤ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት ውኃው ይመዝናል።

በዛሬ ቋንቋ ብንናገር ይህ ግድግዳ የወንጀል ኮሚክ ነው። ተከታታይ ሥዕል አለው፤ ከየሥዕሉ በላይ ወይም በታች በግእዝ የተጻፈ አጭር መግለጫ አለው፤ ገዳይ፣ ሟች፣ ምስክርና ችሎት አሉት። አታሚ ኩባንያ አልጠበቀም፤ የደብሩ ሰው ወይም አንድ ባለጸጋ ወጪውን ችሎ፣ ሠዓሊው በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሳይቀር አይቶ የተረዳው ሥራ ነው።

ታሪኩ ወደዚህ ደጋ የመጣበት መንገድም አካባቢው በደንብ የሚያውቀው ነው። ይህን ታሪክ የያዘው ተአምረ ማርያም በእመቤታችን በዓላት በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያዘዙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ሲነግሡ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፉት በደብረ ብርሃን ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ድርሳኑን በየደብሩ አደረሰው፤ ሠዓሊዎቹ ደግሞ ድርሳኑን ወደ ግድግዳ አወጡት።

በሁለት ሥዕል መካከል

ስኮት ማክላውድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ኮሚክ ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በመጀመሪያው አንድ ሰው ሌላውን እያሳደደ መጥረቢያ አንሥቷል። በሁለተኛው የሌሊት ከተማና ጩኸት ብቻ አለ። መጥረቢያው ሲያርፍ የሚያሳይ ሥዕል የለም። ታዲያ ማን ገደለው? ማክላውድ መልሱን ለአንባቢው ይሰጠዋል፦ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ምቱን የጨረስከው አንተ ነህ።

በላዔ ሰብእን ያየ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። በአንዱ ሥዕል ቢላዋው ከልጁ በላይ ነው፤ በሚቀጥለው ማዕዱ ቀርቧል። በመካከሉ የሆነውን ሠዓሊው አልሣለውም። ልጅ «ከዚያስ?» ብሎ የሚጠይቀው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ነው። የወንጀል ታሪክ ከሌላው ታሪክ ይልቅ በሥዕል የሚያምርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ወንጀል በተፈጥሮው የተሰወረ ሥራ ነው፤ ተከታታይ ሥዕልም የሚናገረውን ያህል ይሰውራል። ፊልም በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ተመልካቹ የሚያየው ዳይሬክተሩ በፈቀደለት ጊዜ ነው። መጽሐፉ ግን በአንባቢው እጅ ነው። የተጠራጠረ ሰው ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በመጀመሪያው ሥዕል ጥግ ላይ የቆመው ዱላ ባለፈው ገጽ በማን እጅ እንደነበር ማጣራት ይችላል። ያኔ መርማሪው አንባቢው ራሱ ነው።

የእኛ ሠዓሊዎች ሌላም ዘዴ ነበራቸው። ጻድቁን በሙሉ ፊቱ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎኑ በአንድ ዓይኑ ይሥላሉ። ተመልካቹ ገና ታሪኩን ሳይሰማ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ያያል። ፍራንክ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው «ሲን ሲቲ» ፊቶችን በጥቁርና በነጭ ብቻ ከፍሎ፣ አንዳንዴ ከአንድ ሰው ላይ የሚታየው የመነጽሩ ነጭ ብቻ እስኪሆን ድረስ በጥላ ሲሸፍን፣ የሚሠራው ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሁለቱም ብዙ ቀለም ሳያባክኑ የሰውን ውስጥ በፊቱ ላይ አውጥተው ያሳያሉ።

ፍጻሜው የታዘዘ ታሪክ

ኮሚክ በታተመባት አሜሪካ የወንጀል ኮሚክ ታሪክ የገናናነትና የውርደት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ርእሱ «ወንጀል አይከፍልም» የሚል መጽሔት ወጣ፤ አንባቢው እየበዛ ሲሄድ ብዙ ሌሎች አታሚዎች ተከተሉት። ርእሱ ምክር ይመስላል፤ ገጾቹ ግን በደም የተሞሉ ነበሩ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ቦብ ዉድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1958 ሴት ገድሎ ታስሯል።

ፍሬድሪክ ዌርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው መጽሐፍ ኮሚክ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል ሲል ከሰሰ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ጉዳዩን በይፋ መረመረ፤ አታሚዎቹም መንግሥት እንዳይገባባቸው ራሳቸው የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ደንቡ ለወንጀለኛ የሚያሳዝን አቀራረብን ከለከለ፤ በእያንዳንዱ ታሪክ ደግ እንዲያሸንፍ፣ ወንጀለኛም እንዲቀጣ አዘዘ። አብዛኞቹ አከፋፋዮችና ሻጮች የደንቡ ማኅተም የሌለበትን መጽሔት ስላልተቀበሉ፣ ብዙ የወንጀል ኮሚኮች ሞቱ።

እዚህ ላይ የእኛን ግድግዳ ከዚያ ደንብ ጋር ማስተያየት ይገባል። ሰባ ስምንት ሰው የበላው ስምዖን አልተሰቀለም፤ ሚዛን ላይ ቀርቦ ምሕረት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1954ቱ ደንብ መሠረት በላዔ ሰብእ በአሜሪካ ማኅተሙን ሊያገኝ አይችልም ነበር። የአንድ ሃይማኖተኛ ደጋ ግድግዳ ከኒው ዮርክ አታሚዎች ይልቅ ስለ ወንጀል ድፍረት ነበረው፤ ከቅጣትም አልፎ ምሕረትን ያህል ከባድ ጥያቄ በልጅ ፊት አስቀምጧል። ልጁ የሰባ ስምንቱ ደም የት ሄደ ብሎ ቢጠይቅ እናቱ ቀላል መልስ የላትም። ታላቅ የወንጀል ታሪክ የሚባለው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጥሎ የሚሄድ ነው።

አሜሪካም ወደዚህ ጥያቄ የተመለሰችው በነጻ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች በኩል ነው። ዴቪድ ላፋም ከባለቤቱ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1995 «ስትሬይ ቡሌትስ» የተባለውን ጥቁርና ነጭ የወንጀል ኮሚክ በገዛ ማተሚያ ስሙ አወጣ። ደራሲው ኤድ ብሩቤከርና እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሾን ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2006 «ክሪሚናል»ን ሲጀምሩ የሥራው ባለቤትነት በእነርሱ እጅ ነበር። ትልቁ ኩባንያ የሚፈልገው በየወሩ የሚመለስ ጀግና ነው፤ ነጻው ደራሲ ግን ዋናውን ሰው በመጀመሪያው መጽሐፍ ሊያሳስረው፣ ሊገድለው ወይም በንስሐ ሊያስለቅሰው ይችላል። አንባቢው ፍጻሜውን አስቀድሞ ስለማያውቅ እስከ መጨረሻው ገጽ ይጨነቃል። ወደ ነጻ የወንጀል ኮሚክ የሚስበውም ይህ ጭንቀት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የጣሊያኖቹ እኅትማማቾች ሥራ ነው። አንጀላና ሉቺያና ጁሳኒ ሚላን ውስጥ በራሳቸው ማተሚያ እ.ኤ.አ. በ1962 «ዲያቦሊክ» የተባለውን የሌባ ታሪክ ማሳተም ጀመሩ። በባቡር ወደ ሥራ የሚመላለሰውን ሰው አስበው በኪስ የሚገባ፣ በጥቁርና ነጭ የታተመ፣ በአንድ ጉዞ የሚያልቅ መጽሐፍ አደረጉት። ያ መጽሐፍ ከ60 ዓመት በኋላም ይታተማል።

«በሕግ አምላክ!»

መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ የወንጀል ታሪክ ድርቅ የለባቸውም። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ የሚከፈለው መንዝ የርስት አገር ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን እየቆጠረ የርስት ድርሻ ይጠይቅ ነበር። ዘር ቆጠራው የክርክር ምንጭ ነበር፤ ክርክሩ አንዳንዴ ወደ ደም ያመራል፤ ደሙም ሽማግሌ ገብቶ ካሣ አስከፍሎ እስኪያደርቀው ድረስ ልጅ ከአባቱ የሚረከበው ዕዳ ይሆናል። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ ስለ መንዝ ሰው ኑሮ ጽፏል።

የጥንቱ ዳኝነት ራሱ ለሥዕል የተፈጠረ ይመስላል። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ወይም እጃቸው ተቋጥሮ፣ በቁራኛ ታስረው፣ ጠላት ከጠላቱ ጋር አንድ መንገድ ይሄዳል፤ አብረው ያድራሉ፣ አብረው ይበላሉ። ይህን በስድስት ሥዕል ብቻ የሚያሳይ ሠዓሊ ስለ ሁለት ሰዎች ጥላቻ አንድ ቃል መጻፍ አያስፈልገውም። ችሎት ላይ ደግሞ በላ ልበልሃ አለ፦ ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እያወዛወዘ፣ ነገሩን በምሳሌና በቅኔ እያዋዛ ባላጋራውን በጥያቄ ያስጨንቃል፤ ማርና ሰንጋ ይወራረዳል። ዳኛ ከሌለ መንገደኛው ዳኛ ይሆናል። ሁለት ሰዎች በገደል አፋፍ ላይ ዱላ ሲማዘዙ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣው ዱላ አየር ላይ ይቆማል። ያ የቆመ ዱላ ከማክላውድ መጥረቢያ ጋር ጎን ለጎን ሊቀመጥ የሚገባ ሥዕል ነው።

ከዚያ አውጫጭኝ አለ። ከብት ተሰርቆ፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ ያደረገው ካልታወቀ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሰዉ በብርድና በፀሐይ ተቀምጦ፣ ሥራው ቆሞ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ አይበተንም። የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን በምስጢር ለሽማግሌዎቹ ያደርሳል። ሁሉም ሰው ተጠርጣሪ፣ ሁሉም ሰው መርማሪ ነው። አንዲት እናት የልጇን ፊት ሰርቃ ታያለች፤ አንድ ሽማግሌ አንገቱን ይደፋል፤ አንድ ጎረምሳ ገና ሳይጠየቅ ይስቃል። የወንጀል ልቦለድ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ እንግዶቿን በአንድ ባቡር ወይም በአንድ ደሴት ዘግታ ያሰበችውን መንዝ በሜዳ ላይ ሲሠራበት ኖሯል። ሠዓሊ የሚያስፈልገው ፊት ብቻ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ሃያ ፊት፣ ከሃያው አንዱ ዋሽቷል።

ወንጀሉ ሁሉ ደግሞ ነፍስ ማጥፋት አይደለም። ጓሳን ያወቀ ሰው ይህን ያውቃል። የመንዝ የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ፣ ቄሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት፣ አባ ቄራ በሚባል አለቃ እየተመራ ተጠብቋል። ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ተከፍቶ ሕዝቡ ለክዳን የሚሆነውን ሣር ያጭድ ነበር። በተዘጋ ጊዜ በስውር ያጨደ የጎረቤቶቹን ሁሉ ንብረት የሰረቀ ነውና ይቀጣ ነበር። ሌሊት በጉም ውስጥ፣ በጅብራና በአስታ መካከል፣ ማጭዱን ይዞ የሚሄድ ድሃ፤ ከሩቅ የሚሰማ የጠባቂ ኮቴ፤ በቤቱ የሚያፈስ ክዳንና የሚያስል ሕፃን። ይህ ሰው ሌባ ነው ወይስ አባት? እዚህ ላይ አንባቢው መፍረድ አለበት።

ፊደል ያለው፣ ሥዕል የሌለው

አማርኛ የወንጀል ንባብ አዲሱ አይደለም። «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣ የእውነተኛ ወንጀሎችን ታሪክ ይዞ ሲወጣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ የሚነበብ ነበር፤ በሬዲዮም የፖሊስ ፕሮግራም ሰውን ከያለበት ይሰበስብ ነበር። ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ እየመለሰ አንድ ትውልድ አስነብቧል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» የስለላውን፣ የፍቅሩንና የጦርነቱን ታሪክ ወደ ቤተ መንግሥቱ ደጅ አስጠጋው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ነጻ ሆኖ ስለ ወንጀል መጻፍ በዚህ አገር ምን ያህል እንዳስከፈለ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ የለም።

የቅድመ ኅትመት ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል፤ የደራሲና የሠዓሊ መብትም በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 410 ተጠብቋል። የአማርኛ ልቦለድ ደራሲዎች ብዙዎቹ በገዛ ገንዘባቸው አሳትመው ለአዟሪ የሚሰጡ ነጻ አታሚዎች ሆነዋል። ኮሚክ ግን ዘገየ። ብስራት ደበበ «ጀምበር» የተባለውን የኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ኮሚክ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢታን ኮሚክስ በኩል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ፣ ጀግናው የተመረቀና ሥራ ያጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ሥራው አንድ ትልቅ ነገር አስመስክሯል፦ የአማርኛ ንግግር በኮሚክ ሥዕል ውስጥ ሲገባ ይኖራል፣ ይተነፍሳል። ቀጣዩ እርምጃ ከልዕለ ጀግና ወደ ተራ ሰው፣ ከከተማ ወደ ደጋ መውረድ ነው።

ጥቁር ቀለም ይበቃል

ይህን የምጽፈው የወንጀል ኮሚክ ለዚህ አካባቢ ይገባዋል ብዬ በሙሉ ልቤ ስለማምን ነው። ወጪው ያስፈራል የሚል ሰው ይኖራል፤ ባለቀለም ኅትመት በእርግጥ ውድ ነው። የጁሳኒ እኅትማማቾችና ላፋም ግን በጥቁር ቀለም ብቻ ሠርተዋል። የመንዝ መልክዓ ምድርም ጥቁርና ነጭ ሲሆን ይበልጥ ያስፈራል፤ የጣርማበር ጉም፣ የድንጋይ ቤት፣ ጥቁር በርኖስ፣ ከጓሳ በላይ የሚዞር አሞራ ቀለም አይጠይቁም። ከሙከጡሪ ተነሥቶ ጀማን ወርዶ ወጥቶ ዓለም ከተማ የሚደርስ፣ ወይም ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ የሚሳፈር ሰው በኪሱ የሚይዘው፣ ገደሉን እያለፈ የሚጨርሰው ትንሽ መጽሐፍ ይበቃል።

ሌላው ፍርሃት የበለጠ ክብደት አለው። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ታግቷል፣ ተፈናቅሏል። የሬሳ ምስል በስልክ በሚዘዋወርበት ጊዜ ስለ ግድያ መሣል ቁስል ላይ እንጨት መስደድ አይሆንም ወይ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ትክክል ነው፤ ሠዓሊው ራሱን ሳይጠይቅ ቢጀምር ያሳፍራል። ነገር ግን የስልኩ ምስልና የሠዓሊው ሥራ አንድ አይደሉም። በስልክ የሚመጣው ሬሳ ስም የለውም፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደገደለው፣ ማን እንደሚያለቅስለት ሳይታወቅ ጣት ይገፋውና ያልፋል። ሠዓሊው ግን ሟቹን ከመሞቱ በፊት ማዕድ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ገዳዩን ከመግደሉ በፊት ልጁን ሲያቅፍ ያሳየናል፤ ከግድያው በኋላም ሽማግሌዎቹ ሲደክሙ፣ ካሣው ሲቆጠር፣ ሁለት ቤተሰብ ሲታረቅ ወይም ሳይታረቅ ሲቀር እስከ መጨረሻው ይወስደናል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሰውን ከሬሳ ማየት ወደ መፍረድ ያሻግረዋል።

ስለዚህ ሥራውን የሚጀምረው ሰው ሁለት ነገር ይጠብቅ። አንደኛ፣ በሕይወት ያለን ሰው ቁስል ስሙን ጠርቶ አይሸጥ፤ የርስትና የቁራኛ ዘመን ብቻውን ለብዙ መጻሕፍት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ፍጻሜውን ማንም አይዘዘው፤ መንግሥትም፣ ነጋዴም፣ የወገኑ ጭብጨባም ቢሆን። ደብረ ብርሃን ላይ የትምህርት ቤት ደብተሩን በሥዕል የሚሞላ ልጅ፣ ሞላሌ ላይ የአያቱን የሙግት ወግ የሚያስታውስ ደራሲ፣ አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ሺህ ቅጂ የሚያትም ሰው ቢገናኙ ሥራው ይጀመራል። አንባቢው በየሜዳው ተቀምጦ የኖረ፣ ነገር መስማትና መመዘን የለመደ ሕዝብ ነው። ገጹ ሲሰጠው መፍረድ ያውቅበታል።